የአውሮፕላን ቲኬት በወረቀት ይሻላል ወይስ በስልክ? ከወሎ ለምትነሱ

ከኮምቦልቻም ተነሱ ከላሊበላ፣ ወይ በአውቶብስ አዲስ አበባ ገብታችሁ ከቦሌ ወደ ጅዳ፣ ዱባይ ወይ ቤሩት ተሻገሩ፣ ቲኬት ከቆረጣችሁ በኋላ ሚመጣው ጥያቄ ያው ነው፣ "ፕሪንት ላርገው ወይስ ስልኬ ላይ ይበቃል?" አንዱ ዘመድ ወረቀት ካልያዝክ ከበር ይመልሱሃል ብሎ ያስፈራራል፣ ሌላው ደግሞ በዚህ ዘመን ወረቀት ምን ያረጋል ብሎ ይስቃል። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ልክ ናቸው። በኔ እይታ ግን ወረቀት ነው ስልክ ነው ከማለት በፊት መታየት ያለበት ማን ነው ሚይዘው ሚለው ነው፣ ለሃያ አመት ልጅ ምመክረውን ለእናቱ አልመክርም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት ቲኬቱ አይደለም፣ ቲኬቱ ያለው አየር መንገዱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ወረቀቱን እንደ ባንክ ደብተር እዩት፣ ደብተሩ ቢጠፋ ብሩ አይጠፋም።

ድሮ እንደዚህ አልነበረም (አመቶቹን በፈረንጅ ነው ምጽፈው)። ቲኬት ማለት ቀጭን ደብተር ነበር፣ የቅጠሎቹ ጀርባ ቀይ ካርቦን የተቀባ፣ ኤጀንቱ ከላይ በእስክሪብቶ ተጭኖ ሲጽፍ ከስር ወዳሉት ሁሉ ሚያልፍ፣ አንዱ ቅጠል ለሂሳብ ክፍል፣ አንዱ ለኤጀንቱ፣ ከዛ ለእያንዳንዱ በረራ አንዳንድ ቅጠል፣ የመጨረሻዋ ለተሳፋሪው። በየኤርፖርቱ አንድ አንድ ቅጠል እየቀደዱ ይወስዱባችኋል። ያ ደብተር ከጠፋ እንግዲህ ጉድ ነው፣ ፎርም ፈርሙ፣ የምትክ ክፈሉ፣ ሲብስም አዲስ ቲኬት ግዙና የድሮው ብር እስኪመለስ ጠብቁ ይባላል። በ1983 ጀርባው ላይ እንደ ኤቲኤም ካርድ ጥቁር ማግኔት ያለው ወፍራም ካርድ መጣ፣ ቲኬትም ቦርዲንግ ፓስም (አውሮፕላኑ ውስጥ መግቢያዋ ወረቀት) ባንዴ ነበር፣ ግን ለሱ ሚሆን ልዩ ካርድና ልዩ ፕሪንተር ስለሚፈልግ ውድ ነበር። የመጀመሪያው ኢ-ቲኬት፣ ኮምፒውተር ውስጥ ሚቀመጠው ማለት ነው፣ በ1994 ወጣ፣ በ1997 የዓለም አየር መንገዶች ማህበር አያታ አንድ ወጥ ስታንዳርድ አወጣለት፣ በ2004 ደግሞ ወረቀቱን ጭራሽ እናስቀር ብሎ ወሰነ፣ ከዛ ቀኑን ትንሽ ገፋ አርጎ ከጁን 1 ቀን 2008 ጀምሮ የአያታ ኤጀንቶች የወረቀት ቲኬት መቁረጥ አቆሙ። ምክንያቱ ፍቅር አልነበረም፣ ሂሳብ ነው፣ አያታ ራሱ ያለው አንድ የወረቀት ቲኬት ለማስተናገድ 10 ዶላር ይወጣል፣ ኢ-ቲኬት 1 ዶላር።

እና ዛሬ ምርጫችሁ ሦስት ቦታ ላይ ነው፣ የት ይቆረጥ፣ በምን ይታተም፣ በምን ይያዝ።

የት ይቆረጥ ሚለው ላይ የአየር መንገዱ ቢሮ፣ ትራቭል ኤጀንት፣ አፕ፣ ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ነው ያለው። ቢሮ ሄዶ መቁረጥ ሰልፍና የስራ ሰዓት አለበት ግን ስም ሲሳሳት ወይ ቀን ሲቀየር ፊት ለፊት ምታናግሩት ሰው አለ። ኤጀንት የራሱን ሰርቪስ ቻርጅ ይወስዳል፣ ጥቅሙ የተለያዩ አየር መንገዶችን ዋጋ ባንዴ አነጻጽሮ ማሳየቱ ነው፣ ችግሩ ደግሞ በኋላ መቀየር ስትፈልጉ አየር መንገዱ ብዙ ጊዜ "የቆረጠላችሁ ኤጀንት ጋር ሂዱ" ነው ሚላችሁ፣ እሱ ደግሞ ስልኩን ካላነሳ በቃ። አፕ ርካሽም ፈጣንም ነው፣ ኮድ ይሰጣችኋል በሞባይል ባንኪንግ ወይ በቴሌብር ትከፍላላችሁ፣ ግን የመክፈያው ሰዓት ካለፈ ቡኪንጉ (የተያዘላችሁ ወንበር) ራሱ ይሰረዛል፣ ስሙንም ራሳችሁ ስለምትጽፉት ፓስፖርቱን ፊታችሁ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል ነው መጻፍ ያለባችሁ። መሐመድ ሚባል ስም በእንግሊዝኛ ስንት አይነት ይጻፋል? ፓስፖርቱ ላይ ያለው አንዱ ብቻ ነው ሚሰራው።

ዘመድ ከውጭ ሲቆርጥላችሁ፣ ይሄ ወሎ ውስጥ በጣም የተለመደ ነው፣ ልጅ ከሪያድ ለእናቷ ትቆርጣለች፣ ወንድም ከዱባይ ይልካል፣ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ አንዳንድ አየር መንገድ ቲኬቱ የተገዛበትን ካርድ ቼክ ኢን (ከበረራ በፊት ሚደረገው ምዝገባ) ላይ አሳዩኝ ሊል ይችላል፣ የካርዱ ባለቤት ሌላ ሰው ከሆነ ቀድሞ ማጣራት ይሻላል። ሁለተኛ ቡኪንጉ ላይ የገባው ስልክ ቁጥር የማን ነው? በረራ ሲቀየር ወይ ሲሰረዝ ሜሴጁ ሚሄደው ለዛ ቁጥር ነው፣ ሀረጎ ላይ ጉም ወርዶ ኮምቦልቻ ስትደርሱ በረራው ለከሰዓት ተዛውሯል ሚለው ሜሴጅ ሪያድ ያለች ልጅ ስልክ ላይ ተኝቶ ቢሆንስ። የደላላ ቁጥር ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፣ ቁጥሩን አስቀይሩ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፣ ይሄን ካነበባችሁ ሌላውን ብትዘሉትም ግድ የለም። ቡኪንግና ቲኬት አንድ አይደሉም። ቡኪንግ ማለት ወንበር ተይዟል ማለት ነው፣ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድ ይሰጠዋል፣ ፒኤንአር ይሉታል። ቲኬት ሚባለው ከተከፈለ በኋላ ነው፣ የራሱ 13 ዲጂት ቁጥር አለው፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አየር መንገዱን ይነግሯችኋል፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ነው፣ ሳውዲያ 065፣ ኤምሬትስ 176፣ ኳታር 157፣ ፍላይዱባይ 141። ደላላ ፕሪንት አርጎ የሰጣችሁ ወረቀት ላይ ስም አለ፣ ቀን አለ፣ የአየር መንገዱ አርማ አለ፣ ስድስቷ ኮድ አለች፣ ባለ 13 ዲጂቱ ግን የለም እንበል፣ እንግዲያውስ ያልተከፈለበት ቡኪንግ ነው ማለት ይቻላል፣ ነገ ጠዋት ላይኖር ይችላል። ወረቀቱ ምንም ያህል ቢያምር። አንዳንድ ርካሽ አየር መንገዶች በኮድ ብቻ ሚሰሩ አሉ፣ እነሱ ላይ ግን ክፍያው መፈጸሙ ሪሲቱ ላይ መጻፍ አለበት። ጥርጣሬ ካለ ኮዱንና የአያት ስሙን (ፓስፖርቱ ላይ ሰርኔም ሚለው ቦታ ላይ ያለውን) ይዛችሁ የአየር መንገዱ ዌብሳይት ላይ ግቡና እዩ፣ ወይ ቢሮ ደውሉ፣ ብር ከመክፈል በፊት ማለቴ ነው።

ይሄ ኮድና ስም ብቻውን ቡኪንጉን ስለሚከፍት ደግሞ ቦርዲንግ ፓስ ፎቶ አንስቶ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ "አልሃምዱሊላህ ልወጣ ነው" ብሎ መለጠፍ ይቅርባችሁ፣ በዛ መረጃ ገብቶ ወንበር ሚቀይር፣ ሲብስም በረራ ሚሰርዝ ሰው አይጠፋም። ደስታችሁን ደርሳችሁ ለጥፉት።

ወደ ህትመት እንምጣ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ላይ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ሁሉም ነገር እዛው ይገባዋል። ባለፈው አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን አስከትለው መጡ፣ ጅዳ ያለችው ልጃቸው በቴሌግራም ቲኬት ልካለች፣ ፓስፖርታቸው በመሃረብ ተጠቅልሎ ደረታቸው ላይ ነው። ልጁ ከስልኩ ወደ ኮምፒውተሩ ላከው፣ የሱቁ ልጅ ወረቀት ለመቆጠብ አራት ገጽ በአንድ ሉህ አርጎ አወጣው፣ ፊደሉ እንደ ጉንዳን። "ልጄ ይቺን ማን ያነባታል?" አሉ። "አብሽሩ እማማ፣ ደግሜ በትልቁ አወጣዋለሁ" ብሎ አንዷን ገጽ ብቻ ሙሉ ኤ4 ላይ አወጣላቸው። "ይቺ ብትጠፋብኝስ?" ሲሉት "ብትጠፋም ስምዎ እነሱ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፣ ፓስፖርቱን ብቻ አይጣሉት" አላቸው። የበረራ ትምህርት ቤት ቢገባ ከዚህ በላይ አያስተምሩትም።

እንግዲህ ከዛ ሱቅ ምትወስዱት ነገር፣ ቲኬቱ ስድስት ሰባት ገጽ ቢሆንም አብዛኛው ደንብና ማስጠንቀቂያ ነው፣ ስም፣ በረራ፣ የቲኬት ቁጥርና የሻንጣ ኪሎ ያለበት ገጽ ይበቃል፣ ሙሉ ሳይዝ፣ ጥቁርና ነጭ ይሁን። ከለር ብር ማባከን ነው። የሌዘር ፕሪንተር ካለ እሱን ምረጡ፣ የሱ ቀለም ዱቄት ሆኖ በሙቀት ወረቀቱ ላይ ስለሚቀልጥ ዝናብ ቢነካው አይፈስም፣ ቀለም ሚረጨው ኢንክጄት ግን ላብ ያለበት ኪስ ውስጥ ሰማያዊ ጭቃ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው አይነት ኤርፖርት ላይ ሚሰጧችሁ ቀጭን ቦርዲንግ ፓስ ነው፣ ብዙ ጊዜ ቴርማል ወረቀት ነው። እዚህ ላይ ቀለም ሚባል ነገር ጭራሽ የለም፣ ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው ሚጠቁር ኬሚካል ተቀብቶበታል፣ ፕሪንተሩ ያሞቀዋል እንጂ አይጽፍበትም። ፈጣንና ርካሽ ነው፣ ማሽኑም ካርትሬጅ አይፈልግም፣ አየር መንገዶች የወደዱት ለዚህ ነው። ግን ጸሃይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ብትተዉት ሊጠቁር ይችላል፣ ሳኒታይዘር ወይ ቅባት ነክቶት ከቆየ ደግሞ ጽሁፉ ይበላሻል፣ የፕላስቲክ ቦርሳ ውስጥ ወራት ከከረመም ይደበዝዛል። መስሪያ ቤት ሂሳብ ምታወራርዱ ሰዎች የዛኑ ቀን ኮፒ አርጉት ወይ ፎቶ አንሱት፣ ከሦስት ወር በኋላ ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ሂሳብ ክፍል ብትሄዱ ማንም አይሰማችሁም።

ባርኮዱ (ማሽን ሚያነበው ምልክት) ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ወረቀትና ስልክ ሚለያዩት እሱ ላይ ነው። ወረቀት ቦርዲንግ ላይ ያለው ረዘም ያለ፣ የተደራረበ ሰረዝ ሚመስለው ፒዲኤፍ417 ይባላል፣ ሲምቦል ቴክኖሎጂስ ሚባል ኩባንያ ውስጥ ይንጁን ዋንግ በ1991 የፈጠረው ነው። ስልክ ላይ ግን ስክሪኑ ጠባብ ስለሆነ አራት ማዕዘን የሆኑት ይመቻሉ፣ ኪውአር፣ ማሳሂሮ ሃራ ጃፓን ዴንሶ ዌቭ ውስጥ በ1994 ለመኪና እቃ መቁጠሪያ ብሎ ያወጣው፣ እና አዝቴክ ሚባለው መሃሉ ላይ ካሬ በካሬ ውስጥ ያለበት። አያታ በ2005 ባርኮዱን ስታንዳርድ አረገና የማግኔት ካርዱ ቀስ በቀስ ቀረ፣ ቤት ውስጥ በተራ ኤ4 ቦርዲንግ ማተምም ተስፋፋ። ውስጡ ምን አለ? ስማችሁ፣ ኮዷ፣ ከየት ወዴት፣ የበረራ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ወንበሩ፣ ስንተኛ ቼክ ኢን እንዳረጋችሁ፣ ለአንድ በረራ ግዴታ የሆነው 60 ፊደል ብቻ ነው። ብር የለበትም፣ ግን ስምና ኮዷ ስላሉበት ባርኮዱንም አትለጥፉት።

እነዚህ ኮዶች ትንሽ ቢፋቁም እንዲነበቡ የጎደለውን ሚያሟላ ሂሳብ ውስጣቸው ስላለ ትንሽ ቆሻሻ አያስደንግጣችሁ፣ የወረቀት ጠላቱ መታጠፍ ነው፣ እጥፉ ባርኮዱ መሃል ላይ አይዋል። የስልክ ጠላት ደግሞ ሌላ ነው፣ ስክሪኑ የደበዘዘ፣ የተሰነጠቀ፣ ወይ ዳርክ ሞድ ላይ ሆኖ ጥቁሩን ነጭ ነጩን ጥቁር ያረገው ከሆነ ማሽኑ እምቢ ይላል። ብራይትነሱን ሙሉ አርጉት፣ ዳርክ ሞዱን አጥፉ፣ ባርኮዱን አጉልታችሁ ከስክሪኑ አታስወጡት።

ስልክ ሚይዝ ሰው ሚሰራው ትልቁ ጥፋት ቲኬቱን ኢሜይል ወይ ቴሌግራም ውስጥ ትቶ መሄድ ነው። ኔትወርክ ከሌለ አይከፈትም፣ ወሎ ውስጥ ኔትወርክና መብራት ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግርም፣ ውጭ ትራንዚት ላይ ደግሞ ሲማችሁ ሮሚንግ ከሌለው ዳታ የለም። ዳውንሎድ አርጉት፣ ስክሪንሾትም አንሱት፣ ጋለሪ ውስጥ ይቀመጥ። ፓወር ባንክ ካላችሁ በእጅ ቦርሳ ነው ሚገባው፣ ሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ቤተሰብ በአንድ ስልክ ስትሄዱ ደግሞ አባት ሽንት ቤት ገብቶ እናትና ልጆች በር ላይ ይቆማሉ፣ እዚህ ላይ ወረቀት ነው ሚያሸንፈው፣ ለእያንዳንዱ የየራሱ።

አንዳንድ ቦታ ምርጫም የለም። ራያንኤር ሚባለው የአውሮፓ አየር መንገድ ከኖቬምበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ወረቀት ቦርዲንግ ትቶ በአፕ ብቻ ሆኗል፣ አውሮፓ ያላችሁ ልጆች ዘመድ ስታዘዋውሩ አስቡበት። በተቃራኒው ወደ አረብ አገር በቪዛ ሚሄድ ሰው ኦንላይን ቼክ ኢን ቢያረግም ቪዛውና ፓስፖርቱ መታየት ስላለበት ብዙ ጊዜ ካውንተር መሄዱ አይቀርም፣ ኪዮስክ ሚባለው ራስን በራስ መመዝገቢያ ማሽንም አፕም "ሰራተኛ አናግሩ" ይለዋል። ሻንጣ ምትጭኑ ከሆነም ያው ካውንተር ነው። ስለዚህ ሞባይል ቦርዲንግ በደንብ ሚጠቅመው የእጅ ቦርሳ ብቻ ይዞ ኮምቦልቻ አዲስ ለሚመላለስ ሰው ነው፣ ነጋዴ፣ የፕሮጀክት ሰራተኛ፣ ስብሰባ ያለበት፣ ለነሱ ወረቀት አያስፈልግም ብዬ በድፍረት እናገራለሁ፣ መታወቂያ ግን ይያዝ።

ከኮምቦልቻ ተነስቶ በአዲስ አበባ ውጭ ሚሻገር ሰው ቲኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት ሚለውን ይይ። በአንድ ቲኬት ከሆነ ኮምቦልቻ ላይ "ሻንጣዬ እስከ መጨረሻው ነው ሚሄደው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ የሁለተኛውንም በረራ ቦርዲንግ ከሰጧችሁ ተቀበሉ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ በሚቀጥለው ሚያሳፍራችሁ አየር መንገዱ ነው። ለየብቻ የተቆረጠ ከሆነ ግን ሻንጣችሁን ቦሌ ላይ ተቀብላችሁ እንደገና ነው ምታስገቡት፣ ቢያመልጣችሁም የራሳችሁ ኪሳራ ነው፣ ትንሽ ብር ቢረክስም እኔ ሰፊ ሰዓት ከሌለው አልመክረውም።

ሰዓት ካነሳን፣ ቲኬት ላይ ያለው ሰዓትና ቀን በፈረንጅ ነው፣ 00:30 በ15 ሚል ካያችሁ ከሌሊቱ 6:30 ማለት ነው፣ እኛ ቀን ሚቀየረው ሲነጋ ስለሚመስለን የ15 ማታ ነው ብለን በ15 እንሄዳለን፣ አውሮፕላኑ ግን ያለፈው ሌሊት ሄዷል። ኤርፖርት መገኘት ያለባችሁ በ14 ማታ ነው። ፕሪንቱ ላይ በእስክሪብቶ በኛ አቆጣጠር ቀኑንና ሰዓቱን ከጎኑ ጻፉበት፣ ስልክ ላይ ይሄን ማረግ ስለማይመች ለሽማግሌና ለመጀመሪያ ጊዜ ተጓዥ ወረቀት ምወደው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። በየከተማው የተጻፈው ሰዓት የዛው ከተማ ሰዓት ነው፣ ሳውዲ ከኛ ጋ እኩል ነው፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል።

በኔ ሂሳብ እናት፣ አባት፣ ሀጅና ኡምራ ሚሄዱ ትልልቅ ሰዎች፣ መጀመሪያ ወደ አረብ አገር ምትወጣ ልጅ፣ ለነዚህ አንድ ገጽ ኤ4 በሌዘር፣ ሁለት ኮፒ፣ አንዱ ፓስፖርት ውስጥ አንዱ እጅ ቦርሳ ውስጥ፣ የመመለሻ ቲኬት ካለ እሱም አብሮ፣ ኢሚግሬሽን መመለሻህን አሳየኝ ሚልበት አገር አለ። ስልክ ላይ ያለው እንደ መጠባበቂያ ይሁን። ቶሎ ቶሎ ለሚበር ሰው ተገላቢጦሽ ነው፣ ስልክ ዋና፣ ወረቀት ካስፈለገ ካውንተር ላይ ያትሙለታል፣ አንዳንድ አየር መንገድ ለዚህ ስለሚያስከፍል ብቻ ደንቡን ቀድሞ ይይ።

በስልክም ሄዳችሁ በወረቀት፣ ሻንጣ ከጫናችሁ ግን አንዲት ተለጣፊ ቁራጭ ይሰጧችኋል፣ 10 ዲጂት ቁጥር ያለባት፣ ብዙ ጊዜ ቦርዲንጉ ወይ ፓስፖርቱ ጀርባ ላይ ይለጥፏታል። ሻንጣ ቢጠፋ ሚፈለገው በሷ ቁጥር ነው፣ ፎቶ አንሷትና ሻንጣችሁን ተቀብላችሁ ከኤርፖርቱ እስክትወጡ አትጣሏት።